አርዱኮባ የማያሳየውን አርታ ይሰማዋል

በጅቡቲ ወደብ በኩል ከሚያልፈው የኢትዮጵያ ጭነት መካከል ብረት አይጠፋም፤ ፌሮው በከባድ መኪና ተጭኖ በጋላፊ በኩል ወደ መሀል አገር ይገባል። ንጹሕ ብረት 1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ከዚያው ወደብ ሥር፣ 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ታች፣ የቀለጠ ብረት ባሕር አለ። የመሬትን ውጫዊ እምብርት የሞላው እሱ ነው።

ስለ መሬት ውስጥ እሳት ሲወራ የጅቡቲ ሰው ሐሳብ ወደ አሳል ሐይቅ ቢሄድ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1978 ከሐይቁ አጠገብ አርዱኮባ ፈነዳ፤ በዚያ ሰሞን የስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ወደ 2 ሜትር ተራራቀ። ያ ላቫ ግን የቀለጠ አለት እንጂ የእምብርቱ ብረት አልነበረም፤ የመጣውም ለገጸ ምድር እጅግ ከሚቀርብ ጥልቀት ነው። ስለ እምብርቱ ማወቅ የሚሻ ከእሳተ ገሞራው ይልቅ ወደ አርታ ቢሄድ ይሻለዋል።

ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ፣ ተራራ ላይ በተቀመጠችው አርታ፣ በዋሻ ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ተተክሏል። ጣቢያው ጂኦስኮፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የፈረንሳይ መረብ አካል ነው። ቦታው እምብርቱን ለማጥናት የተመቸ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2018 ፊጂ አካባቢ መጠኑ 8.2 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከፊጂ እስከ ጅቡቲ ያለው ርቀት የመሬትን ዙሪያ ሲሶ ያልፋል፤ ቀጥተኛው ሞገድ እምብርቱ ስለሚጋርደው በጉልህ አይደርስም። እንዲህ ካለው ርቀት ጎልቶ ቀድሞ የሚመጣው እምብርቱን ሰንጥቆ ያለፈው ነው፤ የሚፈጅበትም 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጎን ለጎን የሚወዛወዘው ሞገድ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ ስለማይችል የውጫዊው እምብርት ፈሳሽነት የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ዴንማርካዊቷ ኢንገ ሌማን እ.ኤ.አ. በ1936 ከመሀሉ ሌላ እምብርት እንዳለ የደረሰችበትም በእንዲህ ዓይነት መዝገብ ነው።

ያ ውስጠኛው እምብርት ጠጣር ነው። ከሁሉ የሚግለው ቦታ እንዴት ሳይቀልጥ ቀረ? መልሱ ግፊት ነው። 5,150 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰማን የአየር ግፊት 3.3 ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ አተሞቹ እንዲህ ሲታጨቁ ብረቱ ለመቅለጥ የሚፈልገው ሙቀት እጅግ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ግሬኖብል ውስጥ ተመራማሪዎች ቅንጣት ብረት በሁለት የአልማዝ ጫፎች መካከል ጨምቀው በሌዘር አጋሉ፤ መቅለጥ መጀመሩንም በኤክስሬይ ተከታተሉ። ልኬታቸውን ወደ እምብርቱ ግፊት ሲያሰሉት የመቅለጫው ነጥብ 6,000 ዲግሪ ገደማ ሆነ፤ የፀሐይን ገጽ የሚስተካከል ግለት ነው።

የበለጠ የሚደንቀው ግን ፈሳሹ ነው። በዚያ ግፊት እንደ ሙጫ ይጎትታል ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል፤ ስሌቶች የሚያሳዩት ግን ከውሃ ብዙም ሳይርቅ በቀላሉ እንደሚፈስ ነው። የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ የሚፈጥረው ይህ ፍሰት ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ተቋምም ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን መስክ ሲለካ ኖሯል።

ያልተፈታ ነገርም አለ። የፈሳሹ እፍጋት ከንጹሕ ብረት በ10 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ቀለል ያለ ነገር ተቀላቅሎበታል። ድኝ፣ ሲሊከን፣ ኦክስጅን ወይስ ሃይድሮጅን? ክርክሩ ቀጥሏል። የጂኦስኮፕ መረጃ ለማንም ክፍት ስለሆነ የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአርታን መዝገብ አውርዶ ከዚህ ክርክር ሊገባ ይችላል፤ መምህራኑም አሳል ላይ ለሚደረግ ጉብኝት የሚሰጡትን ቀን ያህል ለዚህ ሊሰጡት ይገባል።