ቄጠማን ማጭድ አይገድለውም



በዓል በመጣ ቁጥር በቤታችን ወለል ላይ የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ቡና ሲፈላ፥ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፥ ሙሽራ ሲገባ ቄጠማ ካልተጎዘጎዘ ቤቱ የደስታ ቤት አይመስለንም። ይልቁንም በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ። በኖኅ ዘመን ርግብ ለምለም ቅጠል በአፏ ይዛ የጥፋት ውሃ መጉደሉን እንዳበሠረች፥ እነርሱም የትንሣኤው ብሥራት መድረሱን በለምለሙ ያስታውቃሉ። ምእመናንም ተቀብለው በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ቀኑ ለምለም ቅዳሜ መባሉም ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ቄጠማ ከወዴት እንደሚመጣ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ከገበያ ይመጣል እንላለን፤ ወደ ገበያ ከወዴት መጣ ቢሉን ግን መልሱ ይቸግረናል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ ቄጠማ ምን ዐይነት ተክል እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚጠበቅ እናገራለሁ። ይህንንም ስናገር እኔ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት አልደብቅም፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማረኝ እርሱ ነውና።

በመጀመሪያ ደረጃ ቄጠማ ሣር ይምሰል እንጂ የሣር ወገን አይደለም። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንዱን ዘለላ ወስዶ በሁለት ጣት መካከል ማንከባለል ይበቃል። የሣር አገዳ ድቡልቡል ነው፥ አንጓም አለው፤ የቄጠማ አገዳ ግን ሦስት ማዕዘን ስለ ሆነ በጣት መካከል ይቆረቁራል፥ አንጓም የለውም። ቅጠሎቹም በሦስት አቅጣጫ ተሰልፈው ይወጣሉ። በጣና ሐይቅ ዳር የሚበቅለው፥ ዓሣ አጥማጆች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገልም የቅርብ ዘመዱ ነው። የጥንት ግብፃውያን የሚጽፉበትን ወረቀት ያበጁ የነበሩት ከዚሁ ከደንገል ነው። የሙሴም እናት ሕፃኑን በወንዝ ዳር ያስቀመጠችበት ሣጥን ከደንገል የተሠራ እንደ ነበረ በኦሪት ዘጸአት እናነባለን።

የቄጠማ ዋና ሕይወቱ ከላይ በሚታየው ቅጠል አይደለም፤ ከታች፥ በጭቃ ውስጥ ነው። በዚያ አግድም እየሄደ የሚስፋፋ፥ ዐይን እያወጣ አዲስ ቡቃያ የሚሰጥ ወፍራም የምድር ውስጥ ግንድ አለው። ሌላው ተክል በውሃ በተሞላ ጭቃ ውስጥ ሥሩ ትንፋሽ አጥቶ ሲበሰብስ፥ ቄጠማ ግን በአገዳውና በቅጠሉ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ክፍት ቦታዎች አየርን ከላይ ወደ ሥሩ ያወርዳል። ሥሮቹም እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው አፈሩን አንቀው ይይዛሉ፤ ከዳገት የሚወርደውን ጎርፍ ያዘገያሉ፥ ደለሉንም ያስቀራሉ። ይህን ሁሉ በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ተምሬው ነበር። ዳሩ ግን መማር ሌላ፥ ማስተዋል ሌላ ነው።

በ1993 ዓ.ም. ገና አዲስ መምህር ሳለሁ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድቤ አስተምር ነበር። ከትምህርት ቤቱ ግርጌ አንዲት ምንጭ ነበረች፤ ከምንጯም በታች ቄጠማ የሞላበት ረግረግ ነበር። ልጆቹ በዚያ ሲያልፉ እግራቸው ይጨቀያል፤ ከብትም አንዳንድ ጊዜ ይሰጥማል። እኛም መምህራን ተመካክረን ረግረጉን አድርቀን ባሕር ዛፍ ብንተክልበት ለትምህርት ቤቱ ገቢ ይሆናል አልን። ሥራውን እንድመራ የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ተማሪዎቹን በተርታ አሰልፌ እስከ ምንጯ አፍ ድረስ የሚደርስ ጥልቅ ቦይ አስቆፈርሁ።

በሁለተኛው ቀን በዚያ ረግረግ ቄጠማ እያጨዱ ለገበያ የሚያቀርቡ፥ ለቀዳም ሥዑርም ለቤተ ክርስቲያን በነጻ የሚሰጡ አንዲት አሮጊት መነኩሲት መጥተው ከቦዩ ዳር ቆሙ። ጥቂት ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጄ፥ ቄጠማውን ብታጭዱት ይመለሳል፤ ውሃውን ካባረራችሁት ግን ማን ይመልሰዋል?» አሉኝ።

እኔም፥ «እማሆይ፥ አይሥጉ፤ ረግረግ የበሽታ መራቢያ ነው፥ ዛፉ ደግሞ ለልጆቹ ይጠቅማል» ብዬ እንደ ዐዋቂ መለስሁላቸው። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሄዱ።

ባሕር ዛፉ በእውነት ፈጥኖ አደገ፤ እኛም ደስ አለን። ነገር ግን በሦስተኛው ዓመት በየካቲት ወር ምንጯ እንደ ክር ቀጠነች፤ በመጋቢት ጨርሳ ደረቀች። ቦዩ ውሃውን ሳያሳድር ይወስደው ነበር፤ የቀረውንም ዛፉ ይጠጣው ነበር። ሴቶች ልጆች ከሩቅ ወንዝ ውሃ ቀድተው እስኪመለሱ ድረስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋቸው ጀመር። እኔም ምክንያቱን ሳልመረምር በመዝገቡ ላይ በስማቸው ትይዩ «አርፋጅ» እያልሁ እጽፍባቸው ነበር። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዲቱን፥ «ስለ ምን ዘወትር ታረፍጃለሽ?» ብዬ ብቆጣት፥ «ጋሼ፥ ምንጩ ደርቆ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያንን ቃል በመዝገብ ላይ ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ።

በዚያው ዓመት በቀዳም ሥዑር ለደብሩ የሚበቃ ቄጠማ ጠፋ። ከሌላ ቀበሌ የመጣው ጥቂት ስለ ነበረ ካህናቱ አንዱን ዘለላ ለሁለት እየሰነጠቁ አደሉን። እኒያ መነኩሲትም ከአጠገቤ ቆመው ነበር፤ ነገር ግን አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። ቢወቅሱኝ በቀለለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ከቤታቸው ሄጄ፥ «እማሆይ፥ ያጠፋሁትን እንዴት አድርጌ ልመልሰው?» ስል ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም እንደሚከተለው መከሩኝ፤ እኔም ዛሬ በምንጭ ወይም በወንዝ ዳር መሬት ላላችሁ አንባብያን ይህንኑ አስተላልፋለሁ።

አንደኛ፥ ከተክሉ በፊት ውሃው ይመለስ። ቦዩን በድንጋይና በጭቃ በየደረጃው መድፈን፥ ለምንጩ የቀረበውንም ባሕር ዛፍ መቁረጥና ጉቶው እንደ ገና እንዳያቆጠቁጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። ደረቅ መሬት ላይ ቄጠማ መትከል ድካም ብቻ ነው።

ሁለተኛ፥ ችግኙ ከሌላ ረግረግ ሲወሰድ በአንድ ቦታ ያለው ሁሉ አይነቀል፤ ከጥቅጥቁ መካከል እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት ይወሰድ። እያንዳንዱ ክፋይ የምድር ውስጥ ግንድ፥ ጥቂት ሥርና ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያ ይኑረው። ቅጠሉ በግማሽ ይከርከም። ሥሩ ፀሐይ እንዳይመታው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በዚያው ቀን ይተከል።

ሦስተኛ፥ ጊዜው ሰኔ ነው። አንዱን ከሌላው አንድ ክንድ ያህል አራርቆ፥ ግንዱ በጭቃ እንዲሸፈን ቡቃያው ግን ከላይ እንዲታይ አድርጎ መትከል ነው። ቡቃያው በጥልቅ ውሃ ከተዋጠ ይበሰብሳል።

አራተኛ፥ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ከብት አይግባበት፥ ማጭድም አይንካው። ሥሩ ሳይጠነክር የሚረገጥ ቄጠማ አይነሣም።

አምስተኛ፥ የአጨዳው ጊዜ ሲደርስ በተሳለ ማጭድ ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ማጨድ እንጂ መንቀል አይገባም። ከአዝመራው ሲሶው ሳይታጨድ ይቅር፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የታጨደው ወገን ይረፍ። ቅጠሉ የሥሩ መጋቢ ስለ ሆነ በየጊዜው ያለ ዕረፍት የሚታጨድ ቄጠማ እየቀጠነ ሄዶ ያልቃል።

በ1997 ዓ.ም. ክረምት ከተማሪዎቹና ከወላጆቻቸው ጋር ሆነን እንደ ቃላቸው አደረግን። የመጀመሪያው ዓመት ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር፤ ከተከልነውም ብዙው ጠፋ። በሁለተኛው ክረምት ግን የተረፈው እየተስፋፋ ቦዩን ሸፈነው። በ1999 ዓ.ም. ለቀዳም ሥዑር የሚበቃ ቄጠማ ከዚያው ታጨደ። ምንጯም ተመለሰች፤ እንደ ቀድሞዋ ሞልታ ባትፈስም በመጋቢት አልደረቀችም። ያጠፋነው በሦስት ቀን ቁፋሮ ነበር፤ የመለስነው ግን በሁለት ዓመት ነው፥ እርሱም በሙሉ አይደለም።

በከተማ የምትኖሩ አንባብያን፥ «እኛ ምንጭም ረግረግም የለን፤ ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» ትሉኝ ይሆናል። ለእናንተም የሚሆን አለ። ወገቡ ላይ የተቆረጠ በርሜል ወይም ያረጀ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ለቄጠማ ይበቃዋል። ከሥሩ አይበሳ፤ ሌላው አበባ የሚጠላውን እርጥበት እርሱ ይወዳልና። ጥቁር አፈር ከጥቂት የበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅሎ መሙላት፥ ሁለት ሦስት ክፋይ መትከል፥ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታም ማስቀመጥ ነው። አፈሩ ዘወትር እንደ ጭቃ የራሰ ይሁን፤ ነገር ግን ውሃ ከአፈሩ በላይ አይቁም፥ የወባ ትንኝ ይራባበታልና። አትክልትና እህል የታጠበበት ውሃ ይስማማዋል፤ የሳሙና ውሃ ግን አይደፋበት። የቅጠሉ ጫፍ ቢደርቅ አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ማነስ ምልክት ነው። ውርጭ በሚበዛበት ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ወደ ግድግዳ ማስጠጋት ይበጃል። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ሥሩ ዕቃውን ሲሞላው አውጥቶ መክፈልና ግማሹን ለጎረቤት መስጠት ነው። አንድ በርሜል ለበዓል ወለሉን ሁሉ አይሸፍንም፤ ነገር ግን ለረከቦቱ ዙሪያ ይበቃል፥ ልጆችም ቄጠማ ከምን እንደሚኖር በዓይናቸው ያያሉ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በብዙ ቤት በረከቦቱ ሥር የሚነጠፈው ከፕላስቲክ የተሠራ ሣር ነው። አይደርቅም፥ አይጠወልግም፥ ዋጋውም አንድ ጊዜ ነው። ይህን የሚያደርጉትን አልነቅፍም፤ ኑሮ ከባድ ነው። ነገር ግን ቄጠማ የማይፈልግ ቤት ሲበዛ ረግረግን የሚጠብቅ ሰው ያንሳል፤ በዓመት ጥቂት ቀን ቄጠማ ሸጠው ጨውና ዘይት የሚገዙ እናቶችም ገቢያቸው ይቀራል። ስለዚህ ቄጠማ ስትገዙ ሥሩን ተመልከቱ። ሥሩ ተነቅሎ ከመጣ ለሻጯ፥ «እናቴ፥ በሚቀጥለው አጭደው ያምጡልኝ» ብሎ በትሕትና መንገር አይከብድም።

በመጽሐፈ ኢዮብ በልዳዶስ፥ ደንገል ያለ ረግረግ ሊበቅል ይችል እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ማንም ሳይቆርጠው ገና ለምልሞ ሳለ ከሌላው ሣር ሁሉ ቀድሞ እንደሚደርቅም ይናገራል። ይህን ክፍል በልጅነቴ ከመምህሬ እግር ሥር ተቀምጬ ስሰማው ነበር፤ ትርጓሜውን በዓይኔ ያየሁት ግን በመጋቢት በደረቀችው ምንጭ አጠገብ ነው። ማጭድ የነካው ቄጠማ ይመለሳል፤ ውሃ የሸሸው ግን ሳይነካ ይደርቃል።

በመጪው ቀዳም ሥዑር ለምለሙን በራሳችሁ ላይ ስታስሩ ልጆቻችሁን ወደ እናንተ አቅርባችሁ፥ «ይህ ከየትኛው ውሃ ዳር የመጣ ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ካላወቃችሁት አብራችሁ ሄዳችሁ ፈልጉት፤ ውሃውም በስፍራው እንዳለ እዩ።