የእንባ በርና የእኛ ክርክር

ርእሰ አንቀጽ

በመኝታ ቤቶቻችንና በምግብ አዳራሻችን የባሕርን ነገር ያህል ያከራከረን ጉዳይ የለም። ሻይ የጨበጠ ሁሉ አድሚራል፣ ካርታ ያየ ሁሉ አምባሳደር ሆኗል። ተማሪ ስለ አገሩ ጉዳይ መከራከሩ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን ክርክሩን በጥሞና ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያሳዝነው አይቀርም፤ ይኸውም ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ የሚከራከሩበትን ስፍራ ጠንቅቀው አለማወቃቸው ነው። እኛም የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ከዚህ ወቀሳ ነፃ ነን አንልም። ስለዚህ ዛሬ ከስሜታችን በፊት ስፍራውን እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀይ ባሕር በደቡብ ጫፉ ጠብቦ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚገናኝበትን ሰርጥ ዐረቦች ባብ ኤል መንደብ ይሉታል፤ የእንባ በር ማለት ነው። በአንድ ወገን የመን፣ በሌላው ወገን ጅቡቲና ኤርትራ ይተያዩበታል። እጅግ በጠበበበት ስፍራ ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ያንኑም የፔሪም ደሴት ለሁለት ትከፍለዋለች። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚጓዘው መርከብ አቋራጩ መንገድ ይህ በመሆኑ፣ የኀያላን መንግሥታት ዓይን ከዚህ ጠባብ በር ተነቅሎ አያውቅም።

እንግሊዝ ኤደንን በ1839፣ ፔሪምን በ1857 ያዘች። ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክን በውል አገኘች። ቦዩ በተከፈተበት በዚያው በ1869 አንድ የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ፤ በ1882 ደግሞ መንግሥቱ ከኩባንያው ተረከበው። ዛሬ እነዚያ ባንዲራዎች ሁሉ ወርደዋል። እንግሊዞች በ1967 ኤደንን ለቀው ሄዱ፤ ጅቡቲም በ1977 ነፃ ወጣች። በሩ ግን እዚያው ነው፤ ጎረቤቶቹም እነዚያው አፋሩ፣ ሶማሌውና የመኑ ናቸው።

ይህ በር ምን ማድረግ እንደሚችል በቅርቡ በዓይናችን አይተናል። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በመርከቦች ላይ ሚሳይልና ድሮን መተኮስ ጀመሩ። ይህ ነው የሚባል የባሕር ኀይል የሌለው ወገን የዓለምን ትላልቅ የመርከብ ኩባንያዎች መንገድ አስቀየረ። መርከቦቹም በደቡብ አፍሪካ ጫፍ እየዞሩ፣ በጉዟቸው ላይ ከዐሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት እየጨመሩ መሄድ ግድ ሆነባቸው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የግብፅ ነገር ነው። ግብፅ በሁለት ባሕሮች ላይ ረዥም ጠረፍ አላት፤ ጠንካራ የባሕር ኀይል አላት፤ ቦዩንም ጋማል አብደል ናስር በ1956 ከወረሰው ጀምሮ የራሷ ነው። ሆኖም በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገኘላት ቦይ በ2024 ያስገኘላት 4 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው። ጠረፉ የእርሷ፣ ቦዩ የእርሷ፣ መርከቡ የእርሷ ሆኖ ሳለ፣ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለ በር ሲታወክ ኪሷ ተራቆተ። እንግዲህ የባሕር ጠረፍ ባለቤት መሆንና ከባሕር ችግር ነፃ መሆን አንድ ነገር ነውን? አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ ጠረፍ የላትም። ወደብ ከሌላቸው የዓለም አገሮች ሁሉ በሕዝብ ብዛት የሚበልጣት የለም፤ ከውጭ ንግዷም ከመቶ ዘጠናው እጅ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ማዳበሪያው፣ ነዳጁና የምንማርባቸው መሣሪያዎች ሳይቀሩ በአንድ በር ይገባሉ። ስለዚህ «ባሕር ምን ያደርግልናል? ያለሱም ኖረናል» ለሚሉት ወንድሞቻችን፣ ኑሯችን የሚከፍለውን ዋጋ አልቈጠራችሁትም እንላቸዋለን። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ አንባቢም በከንቱ አይደለም የሚጨነቀው።

ነገር ግን በሌላው ጽንፍ ቆመው «ካርታውን አይቶ መውሰድ ነው» የሚሉም አሉ። እነዚህን ደግሞ ካርታውን ደግማችሁ እዩት እንላቸዋለን። የጅቡቲ ወደብ ከእንባ በር ውጭ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው፤ አሰብ ግን ከበሩ ወደ ውስጥ ነው። ከእስያ ወደ አሰብ የሚመጣ ዕቃ በዚያው በር ማለፍ አለበት። በኀይል የተወሰደ ጠረፍ በሩን አይከፍትም፤ በበሩ ላይ አንድ ተጨማሪ ጠላት ያቆማል እንጂ። ከ1998 እስከ 2000 የተደረገው ጦርነት በዐሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕይወት ከሁለቱም ወገን በልቷል። ከሞቱት ብዙዎቹ ዛሬ እኛ ባለንበት ዕድሜ ላይ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። በምግብ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ስለ ጦርነት በቀላሉ የሚናገር ተማሪ፣ የሚዘምተው ማን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ቢባል፣ መልሳችን ውል ነው። ውል ወረቀት ነው ብለው የሚንቁት ቢኖሩ የቱርክን ሰርጦች ይመልከቱ። በ1936 በሞንትሮ የተፈረመው ስምምነት ከ85 ዓመት በኋላም ሥራ ላይ ነበር፤ በ2022 ቱርክ ሰርጦቿን ለጦር መርከቦች ስትዘጋ የጠቀሰችው ያንኑ ወረቀት ነው። በ1982 የወጣው የባሕር ሕግ ስምምነትም ወደብ የሌላቸው አገሮች ወደ ባሕር የመድረስ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ አፈጻጸሙን ግን ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው እንዲወስኑ ይተወዋል። መብቱ በሕግ ተጽፏል፤ መንገዱ የሚገኘው በስምምነት ነው።

ውልም ቢሆን ሁሉን ካላማከለ ይጎረብጣል። በጃንዋሪ 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሶማልያን አስቈጥቶ፣ ነገሩ የበረደው በዲሴምበር 2024 በአንካራ በተደረገው መግለጫ ነው። ከጎረቤት ጋር ለመነጋገር አንካራ ድረስ መሄድ ካስፈለገ፣ አጥራችን ላይ የሚጎድል ነገር አለ ማለት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ተረት የምንተርተው እኛው አይደለንምን?

እኛ ተማሪዎች ውል አንፈርምም፤ ነገ የሚፈርሙት ግን ከመካከላችን ይወጣሉ። እንግሊዝኛ የምንናገረውን ያህል ዐረብኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የምንናገር ስንቶቻችን ነን? ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የጂኦግራፊ፣ የታሪክና የሕግ መምህራኖቻችን በዚህ ጉዳይ በአንድ መድረክ ተገኝተው እንዲያስተምሩን፤ የጎረቤቶቻችን ቋንቋዎች ለሚሹ ሁሉ በማታ ትምህርት እንዲሰጡ፤ ማኅበራችንም ከጅቡቲ፣ ከሶማልያና በሩ በሚከፈትበት ቀን ከኤርትራ ተማሪዎች ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ እንዲጀምር።

ክርክሩ ይቀጥል፤ ይሙቅም። ነገር ግን ከእንግዲህ ስለ ባሕር የሚናገር ሁሉ አስቀድሞ በባሕሩ ዳር ያለውን ሰው ይወቅ። የእንባ በር ስሙን ያገኘው ከጥንት ነው፤ አዲስ እንባ የሚጨምርበት የእኛ ትውልድ አይሁን።