ድራማው ሲያልቅ ታሪኩ የት ይሄዳል?

ሰሞኑን ለሥራ ወደ ከፋ ዞን ሄጄ ነበር። ከቦንጋ ወጣ ብዬ ማንኪራ ደረስኩ። «የቡና እናት» የሚሏት ዛፍ ያለችበት ማንኪራ። ቡና ሲፈላ የቤቱ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ መምጣቴን ሰማችና፣ «ጋሼ፣ ያ ድራማ መጨረሻው ምን ሆነ?» አለችኝ። መብራት ጠፍቶ የመጨረሻው ክፍል አምልጧታል። ዩቲዩብ ላይ እዪው እንዳልላት ኔትወርኩ ቪዲዮ አይጎትትም። እንደምንም ተረኩላት። ስጨርስ፣ «ከዚያስ?» አለች።

እዚህ ጋ መልስ አጣሁ። እኛ አገር ድራማ ሲቆም ገጸ ባሕርያቱም አብረው ይቀበራሉ። «ገመና»፣ «ሰው ለሰው»፣ «ዳና»፣ «ምን ልታዘዝ» ስንቱን ሰው ቲቪ ፊት አስቀምጠው ነበር! ግን ድራማ በየሳምንቱ ተዋናይ፣ ካሜራ፣ መኪና፣ ኤዲቲንግ ይፈልጋል። ስፖንሰር ከሄደ ታሪኩም ይሄዳል።

ሌላ አገር ለዚህ አንድ መላ አግኝተዋል፦ ኮሚክ። «በፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» የተባለው የአሜሪካ ድራማ 7 ሲዝን ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2003 አለቀ። በ2007 ፈጣሪው ጆስ ዊደን ስምንተኛውን ሲዝን በኮሚክ መጽሐፍ ጀመረው፤ 40 እትም ወጣ። በ2008 ያለቀው «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር»ም ከ2012 ጀምሮ ታሪኩ በኮሚክ ቀጥሏል።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ የንግሥተ ሳባን ሥዕል አስታውሱ። በ44 ሣጥን ተከፍሎ፣ ከሥሩ ተጽፎበት፣ በተራ የሚነበብ ታሪክ ነው። ኮሚክ ከዚህ በምን ይለያል? በዘመናችንም የብስራት ደበበ «ጀምበር» በአማርኛም ወጥቷል። «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ በአኒሜሽንም በኮሚክም የተሠራ የአገራችን ሥራ ነው።

ለኛ ትልቁ ጥቅም ወጪው ላይ ነው። «ምን ልታዘዝ»ን ውሰዱ፤ ታሪኩ ካፌ ውስጥ ነው። ያ ካፌ የሚሸጠው ቡና የበቀለበትን ጫካ ለማሳየት የቀረጻ ቡድኑን በሙሉ ይዞ እስከ ከፋ መውረድ ስንት ያስወጣል? ሠዓሊ ግን አንዴ መጥቶ አይቶ ይስለዋል። ሰዎቹንም በካፊኖኖ ማናገር ይችላል። አንባቢውስ? አንድ ገጽ ሥዕል በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል፤ አንዱ ያወረደውን ለጓደኛው በብሉቱዝ ይልካል።

ችግር የለውም አልልም። የኛ ድራማ ነፍሱ የተዋናዩ ድምፅና ፊት ነው፤ ወረቀት ላይ ያ ሳቅ አይሰማም። የተዋናዩን መልክ ለመሳልም ፈቃዱ ያስፈልጋል። በጀት አይገድበንም ብሎ ታሪክን መለጠጥም አለ፤ «በፊ» ራሱ ስምንተኛው ሲዝን ላይ ከልክ በላይ ሰፍቶ፣ በሚቀጥለው ወደ ትንሹ ታሪክ ለመመለስ ተገደዋል። ደግሞ በብሉቱዝ የሚዞር ነገር ለደራሲውና ለሠዓሊው ሳንቲም አያመጣም።

እኔ ግን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ውሉ ነው። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የሥራው ባለቤት እንደሆነ ይናገራል። ደራሲው ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ሲፈራረም ስለ መጽሐፍና ስለ ኮሚክ አንድ መስመር ካላስገባ፣ ነገ የገዛ ታሪኩን ለመቀጠል ሲነሳ ጭቅጭቅ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ደራሲዎቻችን፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይቺን መስመር አስገቡ። ስፖንሰሮችም፣ ለአንድ ክፍል ከምትከፍሉት ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ አንድ እትም ደግፉ፤ ማስታወቂያችሁ ጀርባው ላይ ይውጣ። ያኔ በነፃ ቢዞርም ሠሪው ባዶ እጁን አይቀርም።

ሦስተኛው ቡና ተጠጥቶ ስነሳ ልጅቷ በር ድረስ ሸኘችኝ። አሁንም መልስ ትጠብቃለች። «ሲቀጥል እነግርሻለሁ» አልኳት። ዋሽቻት እንዳይሆን ነው የምፈራው።