ሯጩ ልጅና እንቅልፉ

አንዲት የደጋን ወይዘሮ ስለ ልጃቸው ጠየቁን። ኮምቦልቻ በፋብሪካ የሌሊት ተራ ሠርቶ ሲመለስ ሳይተኛ ለሩጫ ይወጣል፤ ሰውነቱም ከስቷል። ቢያርፍ ልፋቱ ሁሉ የሚጠፋ ይመስለዋል።

ይህ ስጋት ከንቱ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አሸንፏል። (ቁስለኛ ይሩጥ ማለታችን አይደለም።) ጥቂት ቀን መተኛት የዓመታትን ልምምድ አይሽርም፤ ሩጫ ያደከመው ጡንቻ የሚጠገነውም በዕረፍትና በእንቅልፍ ነውና።

እንግዲህ ወይዘሮ ሆይ፣ ልጅዎ ከሥራ እንደ ገባ በልቶ ይተኛ፤ ሩጫውን ከሰዓት በኋላ ያድርገው። ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት በሳምንት አንድ ቀን ይበቃዋል። እርስዎም መስኮቱን ይጋርዱለት፤ የቡና ጎረቤት ቢመጣም አይቀስቅሱት።