ያልተሸነፈው 12ኛ

እ.ኤ.አ. በ2017 የውድድር ዘመን በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጆርጂያን 40 ለ17፣ አላባማን ደግሞ 26 ለ14 አሸነፈ። የኦርላንዶው ሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ፣ እኛ ደጋፊዎቹ ዩሲኤፍ የምንለው፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ኦበርንን 34 ለ27 ረታው። ከሳምንት በኋላ ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት የተጋጠሙት ግን ጆርጂያና አላባማ ነበሩ፤ ዋንጫውንም አላባማ ወሰደ። በዚያ ዓመት በከፍተኛው ምድብ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የጨረሰው ብቸኛ ቡድን ፍጻሜውን እንደማንኛችንም በቴሌቪዥን አየው።

የዩሲኤፍ ደጋፊ ስለሆንኩ ሚዛኔ ወዴት እንደሚያዘነብል አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ። ይሁንና “ብንገናኝ አላባማን እንጥለው ነበር” ብዬ አልፎክርም። ሳይገናኙ ቀርተዋልና ይህን የሚያውቅ የለም። ክርክሬ ሌላ ነው። የገጠመውን ሁሉ ያሸነፈ ቡድን ወደ ፍጻሜው የሚያደርስ መንገድ ከሌለው፣ ዋንጫው የውድድር ሽልማት መሆኑ ቀርቶ ሹመት ይሆናል።

በእንግሊዝ ሊግ ላደገ ደጋፊ ነገሩ ግራ ነው። አርሰናል በ2003/04 የውድድር ዘመን 38 ጨዋታ አድርጎ 26ቱን አሸነፈ፣ በ12ቱ አቻ ወጣ፣ ዋንጫውን አነሳ። ማንም “የገጠማችሁት ደካማ ነበር” አላለውም፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ሁለት ጊዜ ተጫውቷልና። በኮሌጅ ፉትቦል ግን በከፍተኛው ምድብ ብቻ ከ120 በላይ ቡድኖች አሉ። አንዱ ቡድን በመደበኛው ዘመን የሚጫወተው 12 ጨዋታ ያህል ነው፤ አብዛኛውም ኮንፈረንስ በሚባለው የራሱ የቡድኖች ማኅበር ውስጥ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ለዚህ ምድብ የሻምፒዮንነት ዋንጫ ሰጥቶ አያውቅም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሻምፒዮኑ የሚታወቀው በጋዜጠኞችና በአሰልጣኞች ድምፅ ነበር። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ስብሰባ ተቀምጦ ሻምፒዮኑ ለሚለይበት ጥሎ ማለፍ፣ ለፕሌይኦፉ፣ አራት ቡድን ይመርጥ ጀመር። እንግዲህ ዩሲኤፍ የተፈረደበት በዚህ ጉባኤ ነው።

ያ ቡድን ከየት እንደተነሳ ማወቅ ደግሞ ያስፈልጋል። በ2015 ዩሲኤፍ 12 ጨዋታ አድርጎ 12ቱንም ተሸነፈ። ወጣቱ አሰልጣኝ ስኮት ፍሮስት የተረከበው ይህንን ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ስድስት አሸንፎ ሰባት ተሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት ከሃዋይ በመጣው ኳርተርባክ (የማጥቃቱ መሪ) በማኬንዚ ሚልተን እየተመራ በአማካይ በጨዋታ 48.2 ነጥብ የሚያስቆጥር ቡድን ሆነ፤ በአገሪቱ ይህን ያህል ያስቆጠረ አልነበረም። ኧርማ የተባለው አውሎ ነፋስ መስከረም ላይ ፍሎሪዳን ሲመታ ከጆርጂያ ቴክ ጋር የነበረው ጨዋታ ተሰረዘ። ሜሪላንድን በገዛ ሜዳው 38 ለ10 አሸነፉት። ሌሎቹም ተራ በተራ ወደቁ።

ከነዚያ ሁሉ ቀናት ከአእምሮዬ የማይጠፋው ከጎረቤት ባላንጣችን ከደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተደረገው ነው። የታንክስጊቪንግ በዓል ማግስት ዓርብ ስለነበር ቤታችን እንግዳ ሞልቶበታል፤ የጨዋታውን ሕግ በቅጡ የሚያውቅ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሲቀረው ውጤቱ 42 ለ42 ሆነ። ደቡብ ፍሎሪዳ ኳሱን ለጋ፤ ማይክ ሂዩዝ ተቀብሎ 95 ያርድ ሮጠና አስቆጠረ። ሩጫው ሳያልቅ ሳሎኑ በሙሉ ከመቀመጫው ተነስቷል። አንድ ሰው ኳስ ይዞ ሲሮጥ፣ አሥራ አንድ ሰው ሲያሳድደው ለማየት አስተርጓሚ አያሻም። በሳምንቱ ለኮንፈረንሱ ዋንጫ ከሜምፊስ ጋር ተገናኝተው ከሁለት ተጨማሪ ምዕራፎች በኋላ 62 ለ55 አሸነፉ።

ሻኪም ግሪፊንን ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። የግራ እጁ ገና በማኅፀን ሳለ ተጎድቶ ስለነበር በአራት ዓመቱ ተቆርጧል። ፉትቦል ደግሞ ተጋጣሚን ጨምድዶ በመያዝ የሚኖር ጨዋታ ነው። ቡድኑ 12 ጊዜ በተሸነፈበት ዓመት ግሪፊን እምብዛም ሜዳ አልገባም። ፍሮስት መጥቶ ቦታ ሲሰጠው ግን በ2016 የኮንፈረንሱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። በአትላንታው ፒች ቦውል ኦበርንን ሲያሸንፉም የዕለቱ ምርጥ ተከላካይ እርሱ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላም የሲያትል ቡድን መርጦ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ወሰደው። “ቡድናቸው ደካማ ነው” ሲባል በሰማሁ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይህ ልጅ ነው።

ኮሚቴው የመጨረሻ ደረጃውን ሲያወጣ ዩሲኤፍን ያስቀመጠው 12ኛ ላይ ነበር። አራተኛው አላባማ ሆነ። አላባማ በኦበርን ስለተሸነፈ ለገዛ ኮንፈረንሱ ፍጻሜ እንኳ አልደረሰም፤ ሌሎች ለኮንፈረንስ ዋንጫ ሲታገሉ እርሱ አርፎ ተቀምጧል። ተሸንፎ ያረፈው ተጠራ፣ ሁለት ተጨማሪ ምዕራፍ ታግሎ ያሸነፈው ቀረ።

ተቃራኒው ወገን መልስ የለውም አልልም። የዩሲኤፍ ተጋጣሚዎች በአብዛኛው ከትላልቆቹ ኮንፈረንሶች አልነበሩም። ኦበርንን ማሸነፉን ለሙግት ብናቀርብም፣ ጆርጂያ በኮንፈረንስ ፍጻሜ ኦበርንን 28 ለ7 ተበቅሎታል። አላባማም ዋንጫውን ያነሳው በሜዳ አሸንፎ ነው፤ የሰረቀው ነገር የለም። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን የጨዋታ መርሐ ግብር የሚያዘው ከዓመታት በፊት ነው፤ ትልቁ ቡድን ደግሞ ትንሹ ሜዳ ድረስ ሄዶ መሸነፍን ስለሚፈራ ብዙ ጊዜ እሺ አይልም። “ከጠንካራ አልተጫወታችሁም” ብሎ የሚከስሰውና “ከእናንተ ጋር አልጫወትም” የሚለው አንድ ሰፈር ናቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

ከኦበርኑ ድል በኋላ የዩሲኤፍ የስፖርት ዳይሬክተር ዳኒ ዋይት ወጥቶ “ብሔራዊ ሻምፒዮኖች ነን” አለ። አሰልጣኞቹ የሻምፒዮንነት ጉርሻቸው እንደሚከፈላቸው ተነገረ፤ ቡድኑ በዲዝኒ ወርልድ ሰልፍ ወጣ፤ በስታዲየሙ ሰንደቅ ተሰቀለ። አገር ሳቀ። እኔ ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል በሚለው ተረት ያደግሁ ሰው ነኝና አልሳቅሁም። ሻምፒዮን የሚሾመው በወሬና በድምፅ በሆነበት ጨዋታ ዝም ያለ ማን ያስታውሰዋል? ዩታ በ2008 አንድም ሳይሸነፍ፣ ያውም አላባማን 31 ለ17 ረትቶ፣ ሁለተኛ ተባለ። ቦይሲ ስቴት በ2006 ኦክላሆማን 43 ለ42 አሸንፎ 13ቱንም ጨዋታ በድል ጨረሰና አምስተኛ ተባለ። ቲሲዩ በ2010 ሁሉን አሸንፎ ሁለተኛ ሆነ። እነዚህ ሁሉ ሳይሸነፉ ጨረሱ፤ ዋንጫውን ግን ማንም አልሰጣቸውም።

ደግሞስ የሳቁት እነማን ናቸው? አላባማ ከሚቆጥራቸው ብሔራዊ ሻምፒዮንነቶች አንዱ የ1941 ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ተሸንፏል፤ በአሶሲዬትድ ፕሬስ ደረጃም የጨረሰው 20ኛ ሆኖ ነው። ዩሲኤፍ ግን ቢያንስ አንድ የታወቀ ምስክር አለው። ኤንሲኤኤ በመዝገቡ ከሚጠቅሳቸው ደረጃ አውጪዎች መካከል ኮሊ ማትሪክስ የተባለው የሒሳብ ስሌት በ2017 አንደኛ ያደረገው ዩሲኤፍን ነው። በጋዜጠኞቹ ድምፅም ቡድኑ ስድስተኛ ቢወጣም፣ አራት መራጮች አንደኛ ብለውታል።

ጩኸቱ ብቻውን ሥርዓቱን ለወጠው ብዬ አላጋንንም፤ ፕሌይኦፉን ያሰፋው ከሁሉ በላይ የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። ሆኖም “ያልተሸነፈ ቡድን እንዴት ይቀራል?” የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተኛም። በ2021 ከዚያው ከዩሲኤፍ ኮንፈረንስ ሲንሲናቲ ከአራቱ አንዱ ለመሆን በቃ። በ2023 ደግሞ ፍሎሪዳ ስቴት የትልቅ ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሆኖ፣ 13ቱንም ጨዋታ አሸንፎ እያለ፣ ኳርተርባኩ ስለተጎዳ ውጪ ቀረ። ያን ጊዜ የትልቆቹም ደጋፊ የእኛን ለቅሶ አለቀሰ። ከ2024 ጀምሮ 12 ቡድን ይገባል፤ ከትንንሾቹ ኮንፈረንሶችም ቢያንስ አንድ ሻምፒዮን ቦታ አያጣም።

የዩሲኤፍ ድል ጉዞ 25 ጨዋታ ደርሶ ቆመ። በ2018 መጨረሻ ሚልተን በእግሩ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት፤ ያለ እርሱ በተደረገው የፊየስታ ቦውል ጨዋታ ኤልኤስዩ 40 ለ32 አሸነፈን። በ2023 ዩሲኤፍ ቢግ 12 ወደተባለው ትልቅ ኮንፈረንስ ገባ፤ እዚያም ኑሮ ቀላል አልሆነለትም። የሚያስቀው ደግሞ በዚያ ፒች ቦውል ኦበርንን ይመራ የነበረው አሰልጣኝ ጋስ ማልዛን በ2021 የኛው አሰልጣኝ ሆኖ መምጣቱ ነው። እርሱ ሲሄድ ፍሮስት ተመልሶ መጣ።

ሲንሲናቲ በዕድሉ ተጠቅሞ በአላባማ 27 ለ6 ተሸነፈ። ቦይሲ ስቴትም በ2024 ገብቶ በፔን ስቴት 31 ለ14 ወደቀ። ተቺዎች “አላልንም?” አሉ። እኔ እነዚህን ሁለት ሽንፈቶች በቅናት ነው የማያቸው። የሁለቱም ጥያቄ ሜዳ ላይ ተመለሰ፤ ደጋፊያቸው ያለ ጥርጣሬ አገሩ ገባ። የ2017ቱ ዩሲኤፍ የተነፈገው ይህንኑ የመሸነፍ መብት ነው። ያንን መብት የነፈጉት ሰዎች አሁን ተመልሰው “አልተፈተናችሁምና ሰንደቁን አውርዱ” ሊሉን አይችሉም። የምናወርደው ያሸነፈን ቡድን ሲጠሩልን ነው።