ለገና ማታ የምናየው ፊልም



ጾሙ ተፈቶ፣ በጉ ታርዶ፣ ሜዳ ላይ ሩር ሲለጋ የዋለው ጎረምሳ ሲደክመው፣ የመንዝ ብርድ ሁላችንንም ወደ ቤት ያስገባናል። ታዲያ ማታውን እንዴት እናሳልፈዋለን? ወጣቱ በየስልኩ የፈረንጅ ፊልም ያያል፤ ቋንቋውን የማይሰሙት እናትና አባት ቡናቸውን ጠጥተው በጊዜ ይተኛሉ። ቀኑ የጋራ ሆኖ ማታው የየብቻ መሆኑ ደግ አይደለም።

እኛ የያሬድ ዘለቀን «ዳንግሌ» እንመርጣለን። በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም፣ ዘመድ ቤት ተቀምጦ፣ አጎቱ ለበዓል ሊያርደው ያሰበውን በጉን ለማዳን ሲጣጣር ያሳያል። በግ አርቢ ለሆነው ለመንዝ ሰው ይኼ የቤቱ ጉዳይ ነው፤ ያሳደገው በግ ሲታረድ ሆዱ ያልባባ ልጅ የት አለ?

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ም በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ከፍተኛውን ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። ግድያ ስለሚታይበት ግን ሕፃናት ከተኙ በኋላ ይሁን።

እንግዲህ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤቱን ይጥራ፤ የተጠራውም ባናውን ደርቦ፣ ቆሎውን ይዞ ይምጣ። ፊልሙ ሲያልቅ ሽማግሌውና ልጁ አብረው የሚያወጉት ነገር ያገኛሉ።

መልካም የገና በዓል!