የአፍሪካ ልጅ ምን ይማር? ካዛንቺስ ደጃፍ ላይ የቀረ ጥያቄ

ወጣቶች፣ ካዛንቺስ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? "ካሴ ኢንቺስ" ከሚለው ጣሊያንኛ ነው። ኢንቺስ ፋሺስት ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራበት ተቋም ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። በቅርቡ ደግሞ የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ስሙ ግን ይኸው አለ!

ሰው ይባረራል፣ ቤት ይፈርሳል፤ አእምሮ ውስጥ የተተከለ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይነቀልም። ይህን ነገር ለመንቀል ዕድሜውን የሰጠ አንድ አፍሪካዊ መምህር ነበር። ጆሴፍ ኪ-ዜርቦ ይባላል። ስሙን ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ ማወቅ ግን አለብን።

ኪ-ዜርቦ እ.ኤ.አ. በ1922 ዛሬ ቡርኪና ፋሶ በምትባለው አገር፣ ቶማ ላይ ተወለደ። የተማረው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ያለ ተማሪ "አባቶቻችሁ ጎሎች ናቸው" እየተባለ ነበር የሚያድገው። እስቲ አስቡት! ጥቁር ልጅ ሳህል መሃል ተቀምጦ የፈረንሳይን ነገሥታት ይሸመድዳል፤ የገዛ አገሩ የሞሲ ነገሥታት ግን ታሪክ ተብለው አይቆጠሩም።

ሰውዬው ተምሮ ፓሪስ ሶርቦን ደረሰ፤ በ1956 ከባዱን የታሪክ መምህርነት ውድድር አለፈ። እዚያው ተደላድሎ መኖር ይችል ነበር እኮ። በ1958 ጊኒ ለፈረንሳይ "እምቢ" ብላ ነፃ ስትወጣ ፈረንሳይ መምህራኖቿን ይዛ ወጣች። ኪ-ዜርቦ ባዶ የቀረውን የመማሪያ ክፍል ሊሞላ ጊኒ ሄደ።

ቀጥሎ የኛ ከተማ ትመጣለች። ከግንቦት 7 እስከ 17 ቀን 1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ ተካሄደ። የጠሩት ዩኔስኮ እና መቀመጫው እዚሁ ቂርቆስ፣ ካዛንቺስ አጠገብ የሆነው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ናቸው። አፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በዚያው ዓመት ነበር። ለጉባኤው ከቀረቡት ጽሑፎች አንዱ የኪ-ዜርቦ ነው፤ ርዕሱም የአፍሪካ ትምህርት ይዘት። ጉባኤው እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ሁሉም ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኝ አቀደ፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ከአፍሪካ ኑሮና ቅርስ ጋር እንዲስማማ ጠየቀ። ልክ በሁለት ዓመቱ፣ ግንቦት 17፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ሁለተኛውን በየዓመቱ እናከብራለን። የመጀመሪያውን ማን ያስታውሰዋል?

ኪ-ዜርቦ በንግግር ብቻ አላበቃም። በ1972 የጥቁር አፍሪካን ታሪክ ጻፈ። ዩኔስኮ ያሳተመውን የአፍሪካ አጠቃላይ ታሪክ 1ኛ ቅጽ በአርታኢነት መርቶ በ1981 አወጣ፤ የሽማግሌ ትረካም እንደ ድንጋይና እንደ ብራና የታሪክ ምንጭ መሆኑን አስረገጠ። በዚሁ ሥራ በ2ኛው ቅጽ ስለ ክርስቲያን አክሱም የጻፉት የኛው ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው። በ1983 ኪ-ዜርቦ ተሰደደ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ወደመ። ሆኖም በ1992 አገሩ ተመለሰ። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2006፣ ማስተማሩን አልተወም።

"እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ይሄ አይመለከተንም" የምትሉ አላችሁ። በደንብ ይመለከተናል! ልጃችን 9ኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክስም ታሪክም በእንግሊዝኛ ነው። ያልገባውን ከሰሌዳ ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የላሊበላ አካባቢው ተወላጅ ዶ/ር ይርጋ ገላው ወልደየስ በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ቁስል ይነካል፦ ባዕድ ሳይገዛን፣ የተማረው ክፍል በራሱ እጅ የአገሩን ዕውቀት ገፋ ይላሉ።

እስቲ የቅኔ ቤቱን ተመልከቱ። የቆሎ ተማሪ ትናንት የተባለ ቅኔ ደግሞ ቢያመጣ ማን ይሰማዋል? በየቀኑ አዲስ መፍጠር አለበት፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ጓደኞቹም ሰምና ወርቁን ይፈትሹታል። "ኋላ ቀር" ያልነው ትምህርት ፈጠራ ሲጠይቅ፣ "ዘመናዊ" ያልነው ግልበጣ ይጠይቃል። ያሳዝናል!

እንግሊዝኛ ይቅር እያልኩ አይደለም። ኪ-ዜርቦም ፈረንሳይኛን ከፈረንሳዮቹ እኩል ተወዳድሮበታል። ቋንቋውን መሣሪያ አደረገው እንጂ ጌታው አላደረገውም። ቅኔ ቤቱም እንከን የለሽ ነው አልልም፤ ደጃፉ ለሴት ልጅ ጠባብ ነበር። ዘዴውን ወስደን በሩን መክፈት የኛ ፈንታ ነው።

በአድዋ ቀን የባህል ልብስ ለብሶ ፎቶ መለጠፍ ጥሩ ነው፤ በማግስቱስ? መምህር የሆንክ፣ አንዱን የሳይንስ ምዕራፍ በልጆቹ ቋንቋ አስረዳ። ተማሪ የሆንሽ፣ የአያትሽን ትረካ ስልክሽ ላይ ቅጂ፣ ቀንና ቦታውን ጻፊበት። ከካዛንቺስ የተነሳችሁ ደግሞ፣ ጎረቤቶቻችሁ በየአቅጣጫው ሳይበተኑባችሁ የሰፈራችሁን ታሪክ ሰብስቡ። ቤቱ ፈርሷል፤ ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ግን ዛሬም አሉ። ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።